መጀመሪያ አሸዋ

ሙሐረቅ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
መስታወቱን ከውጭ ወበቅ አጥምቆታል፣ ከውስጥ ብርድ አለበት።
ሥራዬ ቀላል ነበር፦ ድልድዩ ሥር የተቸነከረች አንዲት ሣጥን
ባሕሩ ስንት እንደ ወጣ፣ ስንት እንደ ወረደ ስትመዝን
ቁጥሩን ፋይል ላይ ማሳረፍ፣ ፋይሉን ደግሞ እኔ
ከሜሞሪ ጋር መስፋት፣ አቤት ብዬ ለከርነሉ፣ ለዳኜ።

ሲስተም ኮል ማለት፣ ለማያውቀው፣ ደጅ መጥናት ነው፤
ፕሮግራም በገዛ እጁ መሬት አይቆርስም፣ ከርነሉ ነው የሚቆርሰው።
ስንት ይበቃሃል? ከየት ይጀመር? ለማንበብ ነው ለመጻፍ?
ጉዳይህን ሰጥተህ፣ እጅ ነሥተህ ትቆማለህ፣ የናኖ ሰከንድ ዘመን እስኪያልፍ።

«ነጌቲቭ አንድ» አለኝ በመጀመሪያው ሌሊት። ስሕተት ቁጥር ሃያ ሁለት።
ያቀረብከው ልክ አይደለም ማለቱ ነው፤ የቱ እንደሆነ አይነግርህም፣ ጌታ ነዋ፣ ምን ገዶት!
ስድስቱን ጥያቄ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ ባንድ ዳሰስኩ፤
ሦስተኛውን ከረክ ሻይ ስጨርስ ጥፋቴ ላይ ደረስኩ፦
ከአንድ ሺህኛው ባይት ጀምርልኝ ብዬ ኖሯል። ከርነል እንዲያ አይሰፍርም፤
በአራት ሺህ ዘጠና ስድስት ነው ስፍሩ፤ ገጽ ከመሐሉ አይገመስም።

አስተካከልኩ። አድራሻ ሰጠኝ፣ በሰባትና በኤፍ የሚጀምር፣ ረጅም፣ ባለ ግርማ፤
«አለቀ» አለ ሻጂ፣ የኬረላው ልጅ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ በጨለማ።
የመጀመሪያዋን ቁጥር ልጽፍ ወደ አድራሻው እጄን ብሰድ
ፕሮግራሙ ወደቀ። «ባስ ኤረር»። ደግሜ ብሞክር ያው ገደል፣ ያው መንገድ።

ካርታ አለኝ። ፈቃድ አለኝ፣ ለማንበብም ለመጻፍም።
ስረግጠው መሬት የለም።

ይኸው ሦስተኛ ሌሊቴ።

ትርንጎ ፎቁን ልትወለውል ገባች፣ ባልዲዋን እየገፋች።
«ምነው፣ ሰው ሞቶብሃል?» አለች።
እንደ መጣልኝ ነገርኳት፦ «ካርታ ሰጡኝ፤ ቦታው የለም።»
ሳቅ አለች መጀመሪያ። ኋላ አልሳቀችም።
መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፣
ከጉያዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየች፦
ኮምቦልቻ ዳር፣ ሁለት መቶ ካሬ፣ ሐምራዊ ማኅተም፣ ፊርማ፣ የሰባት ዓመት ደመወዝ።
ወንድሟ በሐምሌ ሄዶ ቢያየው ቦረቦር ነው፤ ጎርፍ ይወርድበታል እንደ ወንዝ።
«ቁጥር አለው» አለች። «ሁሉም አለው። አፈር ነው ያነሰው።»

ዝም አልን። ከመስኮቱ ማዶ አሸዋ ቀጂዋ መርከብ፣ መብራቷን አብርታ፣
ከባሕሩ ሆድ የጠባችውን ባሕሩ ላይ ትተፋለች፣ ቀስት ሠርታ።
አምና ዓሣ የሚጠመድበት፣ ዘንድሮ ይሸጣል በካሬ።
«እነሱስ» አለች በአገጯ አመልክታ፣ «ሌላው ቢቀር፣ ወሬ
አይደለም። መጀመሪያ አሸዋ ነው። ካርታው ኋላ።»

መጀመሪያ አሸዋ።
ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ደረቀ። የፋይሉን ቁመት አየሁ፦ ዜሮ።
ለካ ስም አወጣሁለት እንጂ ቁመት አልሰጠሁት ኖሮ!
ባዶ ላይ ነው ካርታ ያስነሣሁት። ከርነሉም ፈረመልኝ፣
ቦታውን ሄዶ ሳያይ፤ ስረግጠው ነው የነገረኝ።

ከጥሪው በላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ፋይሉን ዘርጋ፣ ይህን ያህል ገጽ ሙላ፤
ካርታው ከዚያ በኋላ።

አስነሣሁት። አልወደቀም። ድልድዩ ሥር ያለችው ሣጥን ጻፈች፦
ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ። ባሕሩ እየሞላ ነው። ከአሥራ ሁለት፣ አለች።

«ተሠራ?»
«ተሠራ።»
«በስንት መስመር?»
«በአንድ።»

ቆመች፣ ቁጥሩን እያየች፣ ጓንቷን እያጠለቀች፤
ልትጠይቀኝ ያለችው ነገር ነበር፤ ከንፈሯ ላይ አየሁት፤ መልሳ ዋጠች።
እኔም ደጁን የምጠናላት፣ ስድስቱን ጥያቄ ሞልቼ የምሰጥላት ከርነል አላውቅም።
ባልዲዋን አነሣች። ሦስተኛው ፎቅ ይቀራታል። ገና አልነጋም።